ንባብ ቤቱና ጎጆው፦ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ የፊደል ትምህርት ቤት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ አጥቢያዎች ሕፃናት ከጥንት ጀምሮ ፊደል የሚቆጥሩበት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ንባብ ቤት ነው። ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕልና ስለ ብራና መጻሕፍቱ ብዙ ተጽፏል፤ ካህናቱና ዲያቆናቱ ስለ ወጡበት ጎጆ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ከውጭ ሲታይ ከአንድ ገበሬ ቤት ስለማይለይ ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ የጎጆውን አሠራር፣ ታሪኩንና ዛሬ የገጠመውን ችግር እንመለከታለን።

ንባብ ቤት የሚለው ስም ከሕንፃው ይልቅ የትምህርቱን ደረጃ ያመለክታል። ከእርሱ በላይ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት አሉ። ሕፃኑ ከፊደል ገበታ ተነሥቶ አቡጊዳን፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አልፎ ከመዝሙረ ዳዊት ይደርሳል፤ በየደረጃውም ንባቡን በቁጥር፣ በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ይመላለስበታል። ሁሉም ተማሪ በአንድ ገጽ ላይ አይደለም። አንዱ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። ከፍ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል። የኔታም በመካከል ተቀምጠው ከዚያ ሁሉ ድምፅ የተሳሳተውን ለይተው ያርማሉ። ዓይነ ስውራን መምህራን ንባብ ሲያስተምሩ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ቤቱ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ የሚያገለግል ቤት ነው፤ አሠራሩንም በዚህ መመዘን ይገባል።

ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ የሚከፈለው መንዝ አብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ብርዳም አምባ ነው። ዛፉ ጥቂት፣ ድንጋዩ ብዙ ነው። በብዙው የሀገራችን ክፍል ጎጆ ማለት በእንጨት ቆሞ በጭቃ የተመረገ ቤት ሲሆን የመንዝ ጎጆ ግን በድንጋይ ግንቡ ይታወቃል። ድንጋዩ በጭቃ እየተያያዘ ክብ ሆኖ ይነሣል፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ በሩ አንድና ጠባብ ነው፤ መስኮት ብዙ ጊዜ የለውም። በውስጡ በግድግዳው ዙሪያ መደብ ይሠራል፣ መካከሉ ለምድጃ ይተዋል። ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆዎች ሲወረድ፣ በመርሐ ቤቴ ቆላ፣ ብርዱ ስለሚቀር እንጨትና ጭቃው ይበዛል።

መስኮት ከሌለው ታዲያ እንዴት ይነበባል? ፀሐይ ሲሆን ትምህርቱ ውጭ ነው። ተማሪዎቹ ከግንቡ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ጥላ ተቀምጠው ያነባሉ። ጎጆው የሚፈለገው ለብርድ፣ ለዝናብና በቃል ለሚጠናው ትምህርት ነው፤ ለዚህም ከብርሃን ይልቅ ሙቀትና ጸጥታ ይበልጣል።

የጎጆው ዋና ነገር ክዳኑ ነው። መንዞች ለክዳን የሚመርጡት ጓሳ የተባለውን ሣር ነው። ሣሩ ስሙን የሰጠው የጓሳ ተራራ በመሐል ሜዳ አቅራቢያ፣ ከ3200 ሜትር በላይ የሚገኝና ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ውርጫም ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ይህ ምድር ዛሬ ድረስ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ተጀመረ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት፣ የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉ ባለ ርስቶች በየአጥቢያቸው ተደራጅተው ተራራውን ይጠብቁት ነበር። ሣሩ እንዲያገግም ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሲከፈት ደግሞ በበጋ ሁሉም ወጥቶ ያጭዳል። ጥበቃው በአጥቢያ የተደራጀ በመሆኑ የቤተ ክርስቲያኑ፣ የገበሬው ቤትና የተማሪው ጎጆ ክዳን የሚመጣው ከአንድ ተራራ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስት ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ቄሮውም አብሮት ቀረ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በሌላ ደንብ ተራራውን መጠበቅ ቀጥሏል፤ ይህም በእኛ እምነት ከሀገሪቱ ምርጥ የጥበቃ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ጓሳ ጥቅጥቅ ተደርጎ ሲከደን ዝናቡን ያንሸራትታል፣ ብርዱን ይከላከላል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስም ሣሩን ከተባይ ይጠብቃል፤ በየኔታ ቤት ጣሪያ ላይ የምናየው ጥቀርሻ የቸልታ ምልክት አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን በረዶ በሚወርድበት በሐምሌ እንኳ በውስጡ የተቀመጠ ሰው የጎረቤቱን ድምፅ ይሰማል።

ከሩቅ የሚመጡት የዜማና የቅኔ ተማሪዎች ደግሞ የየራሳቸውን ትንንሽ ጎጆ ይቀልሳሉ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ባገኙት ቁራሽ ይኖራሉ። አንዱ ሲሄድ ጎጆውን ለሚመጣው ትቶለት ነው።

ከመንዝ ተነሥቶ የሸዋን መስፍንነት ከመሠረተው ከነጋሢ ክርስቶስ የሚወለዱት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መምህራኑን ያስመጡት ከግብፅ ቅብጦች ነበር። ዘመናዊው ትምህርት በአውራጃዎቹ በስፋት የደረሰው ግን ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትምህርት ሚኒስቴር በስዊድን መንግሥት እርዳታ፣ የአካባቢውም ሕዝብ ገንዘብና ጉልበት እያዋጣ፣ በመላ ሀገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ቅርጻቸው ሌላ ነው፤ ረጅም፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ባለ ብዙ መስኮት፣ ቆርቆሮ የለበሰ። መምህሩ ከፊት ቆሞ በሰሌዳ ይጽፋል፣ ሁሉም ወደ እርሱ ያያል። ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የተስማማ ሕንፃ ነው፤ በክረምትም ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።

አስቸጋሪው ነገር ይኸው ሕንፃ ሳይለወጥ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። በጎ አድራጊ ምእመናን ያረጀውን ጎጆ አፍርሰው በብሎኬትና በቆርቆሮ ጉባኤ ቤት ያሠራሉ። ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ሣር በአንድ ፍንጣሪ ይቃጠላል፣ መጻሕፍትም አብረው ይጠፋሉ። ሆኖም ባዶ ቆርቆሮ በመንዝ ሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ዝናብ ሲመታውም የኔታ ተማሪውን አይሰሙም፤ ክረምት የማይዘጋው ንባብ ቤት በዝናቡ ሰዓት ሥራ ይፈታል። ሕፃኑ የተሳሳተውን ቃል ሳይታረም ከያዘው በኋላ ማስለቀቅ እንዴት እንደሚያደክም በንባብ ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

አዲስ ጉባኤ ቤት ለማሠራት ያሰቡ ሰበካ ጉባኤያት አስቀድመው የኔታን ቢጠይቁ መልካም ነው። የድንጋዩ ግንብ ጤነኛ ከሆነ አይፍረስ፤ ክዳኑ ብቻ ይለወጥ። ቆርቆሮ የግድ ከሆነም ከሥሩ ኮርኒስ ይሠራለት፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ድምፅና ብርድ የሚከላከል ነገር ይግባበት። ምድጃው ከመጻሕፍቱ ተለይቶ ለብቻው ይሁን። ከግንቡ ውጭም፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል፣ ተማሪዎቹ የሚቀመጡበት የድንጋይ መደብ ይደርደር።