መንደሩ ከተማ ሲሆን፦ የኢንተርኔት ቃላትና የጥንቃቄ ታሪክ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች «ስለ ኢንተርኔት ቋንቋና ስለ ጥንቃቄው ለሁላችንም የሚሆን ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ፣ የምክር ዝርዝር ከመደርደር ታሪኩን ማውራት ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ምክር ቶሎ ይረሳል፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ግን ራሱን ይመክራል። ደግሞም ታሪኩ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ የሚጀምረው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቻርሊ ክላይን የተባለ ተማሪ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ወዳለ ኮምፒውተር «ሎግኢን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሊልክ ሞከረ። ሁለት ፊደል እንደሄደ የወዲያኛው ኮምፒውተር ቀጥ አለ። የኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነው አርፓኔት ያስተላለፈው የመጀመሪያ መልእክት እነዚያ ሁለት ፊደላት ሆነው ቀሩ። ዓመቱ ሲያልቅ መረቡ ላይ የነበሩት አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችና አንድ የምርምር ተቋም።

ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ስማቸውና አድራሻቸው በመጽሐፍ ታትሞ ይሰራጭ ነበር። እኛ የአባላትን ስልክ በመጽሔታችን መጨረሻ እንደምናትመው ማለት ነው። ሁሉም የሙያ ባልደረባ ነው፤ ማን የት እንዳለ ይታወቃል። እንደ አንድ መንደር ነበር፤ የመንደር ሰው ደግሞ በሩን አይቆልፍም።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1978 ጌሪ ተርክ የተባለ የአንድ ኮምፒውተር አምራች ድርጅት የሽያጭ ሰው ለ400 ያህል ተጠቃሚዎች ባንድ ጊዜ የምርት ማስታወቂያ ላከ። አድራሻዎቹ የተለቀሙት ከዚያው ከታተመው መጽሐፍ ነው። ሰዎቹ ተቆጡ፤ ተግሣጽም ደረሰው። ዛሬ ያልተፈለገ የጅምላ መልእክት ሁሉ አባት እየተባለ ይጠራል። ሰው እንዲገናኝበት የተዘጋጀ መዝገብ ለሌላ ዓላማ ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን የተፈለሰፈው ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። ፊት ለፊት የማይተያዩ ሰዎች ቀልድን እንደ ቁም ነገር እየወሰዱ ሲጋጩ፣ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ስኮት ፋልማን እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ቀልድ ሲሆን ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ አስከትሉበት አለ። ጎን ለጎን ሲታይ የሚስቅ ፊት ይመስላል። አሁን በየመልእክታችን የምንደረድራቸው ሥዕሎች የዚያ ዘመዶች ናቸው።

የመጀመሪያው ከባድ ድንጋጤም የመጣው ከተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም ለቀቀ። 6 ሺህ ያህል ማሽኖችን አዳርሷል ተብሎ ተገመተ። ፕሮግራሙ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ የይለፍ ቃል መገመት ነበር፤ ሰዎች የገዛ ስማቸውንና የተለመዱ ቃላትን በይለፍ ቃልነት ስለሚጠቀሙ ብዙ ጊዜ ተሳካለት። ሞሪስ ተከሶ ተፈረደበት፤ በኋላ ግን የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር ሆነ። የሰዉ ልማድ እንኳ ብዙም አልተለወጠም፤ ዛሬም የልጁን ስምና የትውልድ ዓመቱን አጣምሮ የሚጠቀመው ስንቱ ነው!

የመንደሩ ሥርዓት የፈረሰበትን ጊዜ የሚያስታውስ አንድ አባባል አለ፤ «ማብቂያ የሌለው መስከረም» ይባላል። ዩዝኔት በሚባለው የውይይት መረብ ላይ በየዓመቱ በሴፕቴምበር አዲስ ተማሪዎች ይገቡና ነባሩን ሰው ያስቸግሩ ነበር። ልክ እንደኛ ፍሬሽማን ማለት ነው፤ ጥቂት ሳምንት ይደናበራሉ፣ ከዚያ ደንቡን ተምረው ይረጋጋሉ። እ.ኤ.አ. ከ1993 መገባደጃ ጀምሮ ግን አሜሪካ ኦንላይንን የመሳሰሉ ድርጅቶች ለማንኛውም ከፋይ በሩን ሲከፍቱ አዲስ ገቢው በየቀኑ ሆነ። የሚያስተምር ነባር ከሚማረው አዲስ አነሰ። መንደሩ ከተማ ሆነ።

ከተማ ደግሞ ሻጭም ሌባም አያጣም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1994 በአሪዞና ይሠሩ የነበሩ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል፣ ከ5 ሺህ በላይ በሆኑ የዩዝኔት ቡድኖች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በተኑ። ስለ ምን ይመስላችኋል? ስለ ዲቪ! ሰው ራሱ ጽፎ በፖስታ ሊልከው የሚችለውን ማመልከቻ እኛ በክፍያ እንሙላላችሁ የሚል ነበር። «ስፓም» የሚለው ስም በሰፊው የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ቃሉ የቆርቆሮ ሥጋ ስም ሲሆን፣ በ1970 የቀረበ የእንግሊዞች አስቂኝ ትርኢት ይህንን ስም ደጋግሞ እየጠራ ሌላውን ወሬ ሁሉ ያሰጥማል። ዲቪን ለማያውቅ ኢትዮጵያዊ ታሪኩን ማስረዳት አያስፈልግም። «አሸንፈሃል፣ ገንዘብ ላክ» የሚል ኢሜይል ስንቱን ቤት እንዳንኳኳ እናውቃለን። ዲቪ በኢንተርኔት መሞላት ከጀመረ ወዲህ ግን የአሜሪካ መንግሥት ለአሸናፊ በኢሜይል የምሥራች ልኮ ገንዘብ ጠይቆ አያውቅም፤ ሰው ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ነው ውጤቱን የሚያየው።

በዚያው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌቦች የአሜሪካ ኦንላይን ሠራተኛ መስለው «ሂሳብዎን ለማረጋገጥ የይለፍ ቃልዎን ይላኩልን» እያሉ መጻፍ ጀመሩ። «ፊሺንግ» የተባለው ይህ ነው፤ ዓሣ ማጥመድ ማለት ሆኖ የእንግሊዝኛው ፊደል ብቻ ትንሽ ተለወጠ። ብዙዎች «ትሮል» የሚለውንም ከመንጠቆ ጋር ያያይዙታል፤ ሰው ተናድዶ እንዲመልስ ነገር የሚጥል ማለት ነው። እንደኛ ቅኔ ብንፈታው ሰሙ እንክብካቤ ነው፣ ወርቁ ሌብነት።

እኛ አገር የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ስለዚህ የመንደሩን ዘመን አላየነውም፤ በቀጥታ ከተማው ውስጥ ነው የገባነው። ፊደላችንም እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ኮምፒውተሮች የጋራ መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በፊት አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፍን ስንቱን ቃል አጣመምን! ፊደላችን አንድ የማታለያ ዘዴ ለመረዳትም ያግዘናል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ምልክቶች። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት የእስራኤል ቴክኒዮን ተመራማሪዎች የአንድ ታዋቂ ድርጅት አድራሻ ውስጥ ላቲን የሚመስሉ የሩሲያኛ ፊደላት አስገብተው፣ ዓይን የማይለየው ሌላ አድራሻ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ስለዚህ የተላከልንን ሊንክ አይተን «አውቀዋለሁ» ማለት አይበቃም። የባንካችንን አድራሻ ራሳችን መጻፍ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት አንድ መንደር አሁንም ስላለን ነው፤ የባቻችን ግሩፕ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ጓደኛችን አካውንት ለየግላችን «ቸግሮኝ ነው፣ እስከ ነገ ብቻ» የሚል መልእክት መጣ። ሁለት ሰዎች ወዲያው ገንዘብ ላኩ። ሦስተኛው ግን «እርስዎን ማስቸገር አልፈልግም ነበር» የሚለውን ሲያነብ ጠረጠረ። አንድ ዶርም ያደሩ፣ «አንተ» ተባብለው የኖሩ ሰዎች ከመቼ ወዲህ ነው «እርስዎ» የሚባባሉት? ደወለለት። ጓደኛችን ጉዳዩን አያውቅም። ለካ ከቀናት በፊት «ለቀድሞ ተማሪዎች ሽልማት ድምፅ ስጡ» የሚል ሊንክ ከፍቶ፣ በስልኩ የመጣለትን ኮድ እዚያው አስገብቷል። ኮዱ የአካውንቱ ቁልፍ ነበር።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህን ድርጊት ይቀጣል። ይሁንና ጓደኞቻችን ገንዘባቸውን አላገኙትም። ከገንዘቡ ይልቅ የከፋኝ ሌላ ነው፤ በኋላ በእውነት የታመመ የባቻችን ልጅ እርዳታ ሲጠየቅለት ብዙዎች ዝም አሉ። አንድ ሌባ የሚወስደው ብር ብቻ አይደለም ያልኩት ያኔ ነው።

ስለዚህ መተማመኑን ሳንተው በሩን እንቆልፍ። በስልክ የሚመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም፣ በተላከ ሊንክም ላይ አይገባም፤ ባንክም ቢሆን አይጠይቅም። የይለፍ ቃል ረጅም ይሁን፤ የኢሜይሉ ለሌላ ቦታ አይደገም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይከፈት። የእናት ስም፣ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት፣ የትውልድ ቀን ብዙ ቦታ መለያ ጥያቄዎች ናቸውና ከፎቶው ጋር አብረው አይለጠፉ። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ ደግሞ በምናውቀው ቁጥር እንደውል፤ ስንነጋገርም እኛ ብቻ የምናውቀውን እንጠይቅ፤ የዶርም ቁጥር፣ የካፌውን ቅጽል ስም። ይህንን ማንም ሌባ ከየትም አይለቅመውም። የተደወለለትም አይቀየም፤ ድምፅ መስማት ለእኛ ዕድሜ ሰው ትርፍ ነው።