የሳሪስ ቡድን በ8 ሜጋባይት

ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማትበልጥ ጥቁር ፕላስቲክ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ላይ ወንድሜ በነጭ ቀለም የጻፈው ቁጥር አለ፤ ግማሹ ተፍቋል። የፕሌይስቴሽን 2 «ሚሞሪ» ናት። የምትይዘው 8 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሡ ሁለትና ሦስት ፎቶግራፎች የሚሞሉት ስፍራ። ውድ አንባቢ፣ ግጥምና ልቦለድ ከለመደ ሰው ፊት ስለ ቴሌቪዥን ጨዋታ ማውራቴን በትዕግሥት ተቀበለኝ። ከዚህች ፕላስቲክ ውስጥ ላወጣ የፈለግሁት የሰዎችን ስም ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከሳሪስ አቦ ወደ ውስጥ በሚያስገባ ኮረኮንች መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ከደጃፏ ጆተኒ፣ ከውስጧ ሦስት ቴሌቪዥንና ሦስት ፕሌይስቴሽን። ሕጓ ያልተጻፈ፣ ግና የጸና ነበር፦ ተሸናፊ ይከፍላል፤ አሸናፊ ከወንበሩ አይነሣም። በጨዋታ መካከል መብራት ሲጠፋ ሂሳቡን ማን ይክፈል? ይህ ጥያቄ ስንቱን ወዳጅነት አናግቷል! ጋሼ የምንላቸው ባለቤት ዳኝነታቸው እንደ ዕለቱ ገበያ ይለያይ ነበር። ገበያው ደህና ከዋለ «ተዉት፣ መብራት ነው ያሸነፈው» ይሉና ይስቃሉ፤ ካልዋለ ከሁለቱም ይቀበላሉ።

ታላቅ ወንድሜ እዚያ ቤት የታወቀው በማሸነፉ ሳይሆን በትዕግሥቱ ነው። «ዊኒንግ ኢለቨን» በተሰኘው የኮናሚ እግር ኳስ ጨዋታ የተጫዋቾችን ስም መለወጥ ይቻላል። እርሱም ሌላው ለጎል ሲጣደፍ ገበያ በቀዘቀዘበት ሰዓት ተቀምጦ፣ የአንድ ክለብ ተጫዋቾችን አንድ በአንድ እየፋቀ በሰፈራችን ልጆች ስም ተካቸው። ክለቡንም «ሳሪስ» አለው። ፊደሉ ላቲን ብቻ ስለነበር የሁላችንም ስም ትንሽ ትንሽ ተሰብሯል፤ የእኔ ስም «ጠ» በ«ቲ» ተተክታ እንግዳ ሰው አስመስላኛለች። በ1999 ዓ.ም. ወንድሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ሚሞሪዋን ሰጠኝና «እንዳትጠፋ» አለኝ። ሌላ አላለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከአልጋ ሥር ያወጣሁት አሮጌ ፕሌይስቴሽን ይበራል፤ ጆይስቲኩ ግን ሞቷል። የግራው ዘንግ ማንም ሳይነካው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ላስቲኮቹ ተበልተዋል። ሶኒ ይህን መሣሪያ ለጃፓን ገበያ ያወጣው በመጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ማምረቱ መቆሙ ሲነገር በዓለም የትኛውም የቴሌቪዥን መጫወቻ ያልደረሰበትን ብዛት ሸጦ ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ዛሬ ከ160 ሚሊዮን በላይ ይለዋል። ይህን ያህል ሣጥን ዓለምን ሞልቶ ደህና ጆይስቲክ መጥፋቱ ይገርማል። ገበያ ላይ ያገኘሁት አስመስለው የሠሩትን ነው፤ ሁለቱን ገዛሁ፣ ሁለቱም ወር አልሞላቸውም።

የሚያስቆጨው ሌላ ነገር አለ። ሣጥኑ ፊቱ ላይ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው፤ የዛሬው ጆይስቲክ ገመድ ይገባበታል። ጨዋታው ግን በዚያ በኩል የሚመጣን ጣት አይሰማም። ከጥቂት ጨዋታዎች በቀር ሁሉም የሚያዳምጡት በቆየው መሰኪያ የሚመጣውን ብቻ ነው። እንግዳው በሩ ላይ ቆሟል፣ ቤተኞቹ ግን የሚከፍቱት የጓሮውን በር ነው እንደማለት።

መፍትሔውን ያስተማረኝ ሳሪስ አዲሱ ሰፈር ስልክ የሚጠግን ወጣት ነው። ሣጥኑ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ያህል በሽቦ ይጣራል። በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር «1» ብሎ ከጀመረ ጆይስቲኩን፣ «81» ብሎ ከጀመረ ሚሞሪዋን ነው፤ ሁለቱም አንድ መስመር ይጋራሉ። የተጠራው ማንነቱን በቁጥር ይመልሳል። «41» ካለ ዘንግ የሌለው የጥንቱ ዓይነት ነው፤ «73» ካለ ባለ ዘንግ፤ «79» ካለ የጣትን ጫና የሚለካው። ሣጥኑ ከዚህ በላይ አይመረምርም። ስለዚህ በመካከል አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ይገባል። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በ4 ዶላር የወጣችው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ለዚህ ሥራ የታወቀች ናት። በአንድ ወገን አዲሱን የዩኤስቢ ጆይስቲክ ታነባለች፤ በሌላው ወገን «ማን ነህ?» ስትባል ያለ ሐፍረት «79» ትላለች።

ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ፤ ማታለሉ ለእኛ ለጽሑፍ ሰዎች አዲስ አይደለምና። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል እስኪያካትት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ስንጽፍ ፊደላችን በላቲኑ ቁጥር ላይ ተደርቦ ይቀመጥ ነበር። ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ፊደል የያዘ ይመስለዋል፤ እኛ ግጥም እናነባለን። ፎንቱ የሌለበት ቤት ፋይሉ ሲከፈት ግን ግጥሙ የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ስንት ጽሑፍ እንዲህ ቀርቷል!

የማስመሰል ሥራ ጉድለት የለውም አልልም። የድሮው ጆይስቲክ አዝራሮች በስሱ ሲነኩና ጠበቅ ተደርገው ሲጫኑ ይለዩ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው ግራን ቱሪስሞ 3 ነዳጅ የሚሰጠው በአውራ ጣት ጫና ነው። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ጆይስቲኮች ግን በእነዚህ አዝራሮች «ተነካ» ወይም «አልተነካም» ብቻ ያውቃሉ፤ መኪናው ወይ ይቆማል ወይ ይበራል። ጨዋታውን ከዲስክ ፋንታ ከፍላሽ ለመጫን የሞከረም ያውቀዋል፤ የዚያ ዘመን ዩኤስቢ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ስለማያልፍ የመግቢያው ፊልም ይንተባተባል። ለእግር ኳሱ ግን ይህ ሁሉ አላስቸገረኝም።

ለሚሞሪዋ ፈራሁ። ወጣቱ በሣጥኑ ላይ ሌላ ፕሮግራም አስነሥቶ፣ በዚያ ጨዋታዎቹ በናቁት የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ ያለውን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገለበጠው። ቀጥሎ ሚሞሪ መስላ የምትሰካ፣ ውስጧ ግን የስልክ ካርድ የሚገባባት ሰሌዳ አመጣ። ሣጥኑ ሚሞሪን «ማጂክጌት» በሚባል የምስጢር መለያ ይፈትናል፤ አለፈች። የእኅቴን ልጅ አዲስ ጆይስቲክ ይዤ ቡድኑን ከፈትሁ።

ሁሉም አሉ። ወንድሜ ራሱን በረኛ አድርጎ ኖሯል፤ ሜዳ ላይ በረኛ ቆሞ አያውቅም። 9 ቁጥር በሳሪስ ድልድይ አጠገብ ጎማ የሚነፋው ልጅ ነው፤ ካረፈ 6 ዓመት ሆኖታል፣ እዚህ ግን ሁሉንም ያስንቃል። ጋሼን እንኳ አሠልጥነው እንደሆነ ብሎ ከተቀያሪዎቹ መካከል አግብቷቸዋል።

ያን ማታ ደወልሁለት። ሱቁን ሊዘጋ ነበር። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ስናነብለት ዝም ብሎ አዳመጠ፤ የ9 ቁጥርን ስም ስጠራ «ድገመው» አለኝ፤ ደገምሁለት። 14 ቁጥር ላይ ስንደርስ ግን የተጻፈውን በየትኛው ፊደል ብናነበው ማን እንደሆነ ሁለታችንም ማስታወስ አልቻልንም።