ለመታጠቢያ ቤት እንጨት ውኃን የሚከላከል ቀለም አልባ ቅብ ስለ መምረጥ

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች ለመታጠቢያ ቤት በርና መቃን በቀላሉ የሚገኘው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እጅግ ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃልም። በመሆኑም የሚቀባው ቅብ ከእንጨቱ ጋር አብሮ የሚለጠጥ ሊሆን ይገባል። ዋንዛ በአንጻሩ ብዙ ስለማይኮማተር ቅብን በደንብ ይይዛል። የአበሻ ጥድ መበስበስን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ዘይት የቫርኒሹን መድረቅ ስለሚያዘገይ አስቀድሞ በቲነር በራሰ ጨርቅ መወልወል ይኖርበታል።

ለመታጠቢያ ቤት እንጨት ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ተስማሚ ነው። በሩ ወደ ደጅ የሚከፈትና ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ ግን ለውጭ አገልግሎት የተዘጋጀ፣ ይበልጥ ተለጣጭ የሆነ ቫርኒሽ ይመረጣል። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው የስማዳ ቆላ ይህ ልዩነት ቸል የሚባል አይደለም። ቫርኒሽ ምስጥን ስለማይከላከል የጸረ ምስጥ ሕክምና ለብቻው ይታሰባል።

ላከር የሳሎን ዕቃን ያሳምራል እንጂ ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ በርጥብ አየር ሲቀባ ነጭ ጉም ይለብሳል። በስፒሪት የሚሟሟው ሽላክም ውኃ ሲነካው ይነጣል። የተልባ ዘይት በአካባቢው የሚገኝ ቢሆንም ብቻውን ውኃን በበቂ ሁኔታ አያግድም፤ ሻጋታም ይይዘዋል። በዚህ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ደጅ ተዘርግቶ መድረቅ አለበት።

ነዋሪዎች ብዙ ጊዜ የሚከስሩት ግን በቅቡ ዓይነት ሳይሆን በአቀባቡ ነው። ውኃ ወደ እንጨት የሚገባው በዋናነት በተቆረጠው ጫፍ፣ ማለትም በበሩ የታችኛው ጠርዝና በመቃኑ እግር በኩል ነው። ይህም ከተገጠመ በኋላ የማይታይና ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጫፎቹ ከመገጠማቸው በፊት ሦስት ጊዜ ይቀባሉ፤ የመጀመሪያው ቅብ እንጨቱ እንዲመጠው በአኳራጅ ይቀጥናል። አንድ ፊት ብቻ የተቀባ በር ስለሚጣመም ሁለቱም ፊቶች መቀባት አለባቸው። በየቅቡ መካከል በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ አቧራው ይጠረጋል። የመቃኑ እግር ሲሚንቶ ወይም አፈር ላይ በቀጥታ ሳያርፍ በድንጋይ ላይ ቢቆም ይመረጣል።

እርጥብ እንጨትን በቫርኒሽ መሸፈን እርጥበቱን ውስጥ መቆለፍ ነው፤ ቅቡ ያብጣል፣ ይላጣል። እንጨቱ መድረቁን ለማረጋገጥ አንዱን ሳንቃ በየሳምንቱ በሚዛን መመዘን ይቻላል፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ከአየሩ ጋር ተመጣጥኗል ማለት ነው። ይህም ከክረምት በኋላ፣ በበጋው ወራት መሆን አለበት። በደጋው የጋይንት ክፍል የበጋ ሌሊት ብርድ ስለሚበረታ፣ ቅቡ ከረፋድ ጀምሮ ተቀብቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢጠነክር መልካም ነው፤ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አብዛኛው ቫርኒሽ በአግባቡ አይደርቅም። በሥራው ጊዜ በርና መስኮት ይከፈታል፤ እሳትም አይቀርብም።

ቅቡ ሲነካ ደረቅ ቢመስልም ውስጡ እስኪጠነክር ቢያንስ አንድ ሳምንት ውኃ እንዳይነካው ይደረጋል። ቆይቶ የተላጠ ቦታ ሲታይ በላዩ መደረብ አይበቃም፤ የላላው ቅብ እስከ እንጨቱ ተፍቆ፣ እንጨቱ ደርቆ እንደገና ይቀባል።