የሦስት ዶላር መንገድ፦ ከሲ-ታክ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አላስካ መርከብ

ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ስለ አንድ ባቡር ላውጋችሁ። ባቡሩ ያለው ሲያትል ነው፣ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ በባሕርና በሐይቅ መካከል በተዘረጋችው የቦይንግ ከተማ። ከሲ-ታክ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ የከተማዋ እምብርት ይገባል፤ ከዚያ የአላስካ መርከቦች ከሚቆሙባቸው ወደቦች አንዱ ጋ በእግር ይደረሳል። ዋጋው ሦስት ዶላር ነው። ይህ ሦስት ዶላር ግን ብዙ የተከፈለበት ነውና ታሪኩን ከሥሩ እንያዘው።

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1968 ነበር። ጂም ኤሊስ የተባለ ጠበቃ ከተማዋ ፈጣን ባቡር ያስፈልጋታል ብሎ ተነሣ። ሴናተር ዋረን ማግነሰንም ከፌዴራል መንግሥት ከፍተኛ ገንዘብ እንዲገኝ መንገዱን አመቻቸ። ሕዝቡ ተጠየቀ፤ ከመራጩ ከግማሽ በጥቂት የሚበልጠው «ይሠራ» አለ። ሕጉ ግን 60 በመቶ ይጠይቅ ነበርና ብዙኃኑ ፈልጎም አልሆነለትም። በ1970 ዳግመኛ ተጠየቀ። ያን ጊዜ ቦይንግ ሠራተኞቹን በገፍ የሚያሰናብትበት ክፉ ወቅት ነበር። የነገ እንጀራው ያሳሰበው ሰው ለባቡር ዕዳ አልገባም አለ፤ ድጋፉም ከግማሽ በታች ወረደ። ለሲያትል ታስቦ የነበረው ገንዘብ ወደ አትላንታ ተሻገረ። ዛሬ የእኛ ሰው አትላንታ አርፎ ማርታ በሚባለው የከተማዋ ባቡር ወደ መሀል ከተማ ሲገባ፣ ሲያትል እምቢ ባለችው ገንዘብ በተጀመረ ሐዲድ ላይ መሄዱ ነው።

ሲያትልም ከመኪና ጋር ቀረች። በ1990 ከመሀል ከተማው ሥር ዋሻ ተቆፍሮ አውቶቡስ ገባበት። በ1995 ባቡር ይሠራ ተብሎ ሕዝቡ ቢጠየቅ አሁንም አልሆነም። በዓመቱ፣ በ1996፣ ዳግመኛ ሲጠየቅ ሕዝቡ እሺ አለ። ይሁን እንጂ ግምቱ ከበጀቱ አልፎ ሥራው ሊፈርስ ደረሰ። በ2001 ጆኒ ኧርል የተባለች ሴት ሳውንድ ትራንዚት የተባለውን መሥሪያ ቤት ተረክባ ሒሳቡን አስተካክላ፣ መስመሩን አሳጥራ፣ የጠፋውን እምነት መለሰች። ሐምሌ 2009 ባቡሩ ከመሀል ከተማ እስከ ታክዊላ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ደረሰ። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከዚህ ቀን አርባ አንድ ዓመት አለፈ።

አሁን የራሳችን ሰዎች ወደሚገቡበት ምዕራፍ እንለፍ። ሐዲዱ የተዘረጋው በሬኒየር ቫሊ በኩል ነው፤ በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና መሀል ለመሀል፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ከመኪናው እኩል በምድር ላይ። ይህ ሰፈር የጥቁር አሜሪካውያን፣ የቬትናሞች፣ የፊሊፒኖች፣ የሶማሌዎች፣ የኤርትራውያንና የኢትዮጵያውያን ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹ «ሌላው ሰፈር ባቡሩ ከመሬት በታች ሲያልፍለት እኛ ዘንድ ለምን በደጃችን ይሄዳል?» ብለው ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤት ድረስም ሄዱ። አልተሳካላቸውም። ጎዳናው ለዓመታት ተቆፈረ። ደንበኛ ማቆሚያ ያጣ ሱቅ ገበያው ቀዘቀዘ፤ የተዘጋም፣ ቦታ የለቀቀም ነበር። ጉዳቱን ለማካካስ 50 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ የአካባቢ ልማት ፈንድ ተቋቋመ። ባቡሩ ከመጣ በኋላ ደግሞ የቤት ኪራይ ናረ። በምድር ላይ ባለው መሻገሪያም ሰው ሞቶበታል። ስለዚህ ከአውሮፕላን ወርዶ መርከብ ለመያዝ የሚጣደፍ መንገደኛ በመስኮቱ የሚያያቸው ሱቆችና ቤቶች፣ ለዚህ መንገድ ዋጋ የከፈሉ መሆናቸውን ይወቅ።

እስቲ አሁን አንዲት እናት ከአዲስ አበባ መጥተዋል እንበል። ልጃቸው ሲያትል ትኖራለች፤ ለዓመታት አጠራቅማ እናቷን አላስካ ልታሳይ የመርከብ ቲኬት ቆርጣለች። የመርከብ ጉዞው ወቅት በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ነው። እናት ከሻንጣ መቀበያው ወጥተው ልጃቸውን አቅፈው፣ ስመው፣ አልቅሰው ሲያበቁ ጥያቄው ይመጣል።

«ታክሲ አንይዝም ወይ ልጄ?»

«እማዬ፣ ባቡር አለ። አገሩን እያየሽ ትሄጃለሽ።»

ጣቢያው ከተርሚናሉ ጋር አልተያያዘም። በድልድይ ወደ መኪና ማቆሚያው ሕንፃ ይሻገሩና በአራተኛው ፎቅ ላይ በተከለለው መተላለፊያ ጥቂት መቶ ሜትሮች ይሄዳሉ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ጎማ ያለው ሻንጣ ያለ ችግር ይንከባለላል። ጉልበት የሚያማቸው ሰው ግን ተሽከርካሪ ወንበር አስቀድመው ይጠይቁ። ጣቢያው ሲደረስ ከማሽኑ ቲኬት ይገዛል፤ ወይም ኦርካ የሚባለው ካርድ ይነካል። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ የወረቀቱ ቲኬት ለባቡሩ ብቻ ነው፤ በካርዱ የከፈለ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ አውቶቡስ ሲቀይር የከፈለው ይታሰብለታል። ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በነፃ ይሄዳሉ፤ 65 ዓመት የሞላቸው ቅናሽ አላቸው። በር የሚዘጋ አጥር የለም፤ ተቆጣጣሪዎች ግን ይመጣሉና ሳይከፍሉ መግባት አይገባም።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ሊንውድ የሚለው ባቡር ይያዛል። ታክዊላን አልፎ ከፍ ባለው ድልድይ ላይ ሲበር ዱዋሚሽ ወንዝ ከታች ይታያል። ከዚያ ሬኒየር ቢች፣ ኦቴሎ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ። መስመሩ ሲከፈት ለየጣቢያው ሥዕል ተሰጥቶት ነበር፦ ለሬኒየር ቢች ሽመላ፣ ለኦቴሎ አጋዘን፣ ለኮሎምቢያ ሲቲ ርግብ። የእንግሊዝኛ ፊደል የማያነብ ሰው «ርግቧ ጋ ውረድ» ቢባል ይበቃው ነበር። እንደ እኛ እናት ላሉ ሰዎች ታስቦ የተደረገ ደግ ሥራ ነው።

እዚህ መስመር ላይ አማርኛ ብርቅ አይደለም። እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ሲቀመጡ ከወዲያ ማዶ አንድ ጎልማሳ ብድግ ይላል።

«እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ! ከአገር ቤት ነው?»

«አዎ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንተስ የማን አገር ልጅ ነህ?»

ጨዋታው ማውንት ቤከርን አልፎ ባቡሩ በቢከን ሂል ኮረብታ ሆድ ውስጥ እስኪገባ ይቀጥላል። ከዚያ ብርሃን ይመለሳል፤ ሶዶና ስታዲየም፣ የቻይናዎቹ ሰፈር፣ ፓዮኒር ስኩዌር፣ ሲምፎኒ ይከታተላሉ። አሥራ ሁለተኛው ጣቢያ ዌስትሌክ ነው። አርባ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ አውራ ጎዳናው በመኪና ቢጨናነቅም ባቡሩን አይነካውም።

እዚህ ላይ የመንገዱ ጉድለት ይጀምራል። ከዌስትሌክ እስከ ፒር 66፣ ማለትም እስከ ቤል ስትሪት የመርከብ ተርሚናል፣ የቀረው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ቁልቁለት ነው፤ የሲያትል ቁልቁለት ደግሞ ሻንጣውን ከባለቤቱ ያስቀድመዋል። ብልኃቱ ይህ ነው፦ ሜዳ ሜዳውን ወደ ሰሜን ተጉዞ ቤል ስትሪት ሲደርሱ ወደ ባሕሩ መታጠፍ፣ ኤሊየት ጎዳና ላይ የእግረኛውን ድልድይ ይዞ በአሳንሰር መውረድ። ጉልበት ያለው ሰው በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። እናታችን ግን ከዌስትሌክ ታክሲ ቢይዙ ነውር የለውም፤ አጭር መንገድ ስለሆነ ሒሳቡም ቀላል ነው። የኤርፖርት ታክሲ ከሚነዱት መካከል ብዙዎቹ የእኛው ወንድሞች ናቸው፤ ሻንጣ ለበዛበት፣ ሕፃን ለታቀፈ፣ ለታመመ ሰው የእነሱ አገልግሎት አይተካም። ባቡሩ የመጣው ምርጫ ሊጨምር ነው።

ቲኬታችሁ ላይ ፒር 91 የሚል ካለ ነገሩ ይለያል። ስሚዝ ኮቭ የሚባለው ይህ ተርሚናል በ2009 የተከፈተ ሲሆን ከመሀል ከተማው ወደ ሰሜን ራቅ ይላል። ራፒድ ራይድ ዲ የተባለው አውቶቡስ በሦስተኛ ጎዳና ላይ ይገኛል፤ ወደዚያው አቅጣጫ ይወስዳል፤ ደጃፉ ድረስ ግን አያደርስም። ከአውቶቡሱ ወርዶ ድልድይ ተሻግሮ ረጅም መንገድ ሻንጣ መጎተት አለ። ከዌስትሌክ ታክሲ መያዝ ይሻላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መርከባችሁ ከየትኛው ፒር እንደሚነሣ አረጋግጡ፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው መርከቡን በዓይኑ ሸኝቶ ሊቀር ይችላል።

«አንድ ኪሎ ሜትር ምናላት?» የሚል ይኖራል። ወደ ሰሜን ድንበር ተሻግረን ቫንኩቨርን እንይ። እዚያም የኤርፖርቱ ባቡር የተከፈተው በዚያው በ2009 ነው፣ ለቀጣዩ ዓመት የክረምት ኦሊምፒክ እንዲደርስ ተብሎ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነሥቶ በ25 ደቂቃ ገደማ ዋተርፍሮንት ጣቢያ ይደርሳል፤ መርከቦቹ የሚቆሙበት ካናዳ ፕሌስ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ነው። አሮጊቷም፣ ባለ ሻንጣውም፣ ባለ ሕፃኑም እኩል ይደርሳሉ። ሁለት ጎረቤት ከተሞች በአንድ ዓመት ባቡር ከፈቱ፤ አንዷ እስከ መርከቡ ደጅ አደረሰች፣ ሌላዋ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀራት ቆመች። ያቺ አንድ ኪሎ ሜትር ለወጣት ምንም አይደለችም፤ አቅመ ደካማውን ግን ከመንገዱ ታስወጣዋለች።

ስለ ካናዳ ካነሣን አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው ብቻ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ከሲያትል የሚነሡት ትልልቅ መርከቦች ደግሞ በአብዛኛው የውጭ ባንዲራ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ አላስካ ደርሰው ሲመለሱ አንድ የካናዳ ወደብ፣ ብዙ ጊዜ ቪክቶሪያን፣ ይረግጣሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ለካናዳ ቪዛ ያስፈልገዋል። ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት የምታስመጡ ልጆች፣ የመርከቡን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የካናዳውን ቪዛና ወደ አሜሪካ መመለሻውን ጨርሱ። ብዙዎቹ መርከቦች ከሰዓት በኋላ ስለሚነሡም፣ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ሲያትል ይግባ።

መመለሻው ከመሄጃው ይቀላል። መርከቡ ማለዳ ይደርሳል። የሲያትል ወደብ ፖርት ቫሌት የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው፤ አየር መንገዳችሁ በዚህ አገልግሎት ውስጥ ካለ ሻንጣችሁን ከመርከቡ ተቀብሎ ለበረራችሁ ያስረክብላችኋል። እንግዲህ እጃችሁ ባዶ ነው። ወደ ዌስትሌክ ውጡና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚሄደውን ባቡር ያዙ። በረራው የማታ ከሆነ ደግሞ ሬኒየር ቫሊ ላይ ውረዱ፤ የአገር ቤት ሽሮና ቡና አለ፣ ገበያውም ያስፈልገዋል።

ፍርዴን ልናገር። ከኤርፖርት እስከ ወደብ በሦስት ዶላር መድረስ የሚቻለው አርባ አንድ ዓመት የጠየቁ፣ የተሸነፉና ደግመው የጠየቁ ሰዎች ስለነበሩ፣ የሬኒየር ቫሊ ነዋሪም በገበያውና በኪራዩ ስለከፈለ ነው። ይህን ያህል የተከፈለበት መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀረው ሊቆም አይገባም። ሲያትል ውስጥ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እንግዳችሁን በባቡሩ አምጡ፤ የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ሄዳችሁ ከዌስትሌክ እስከ ሁለቱም ፒሮች ደጃፍ የሚያደርስ አውቶቡስ ይመደብ በሉ። እስኪመደብም መጠየቃችሁን አታቋርጡ።