ምክንያቱ የተጻፈ ፍርድ

ጠጥቶ ሲነዳ ተገኝቷል ተብሎ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ሲል በምን ላይ ቆሞ ይከራከራል? በአሜሪካ ጥፋተኛነቱን የሚወስነው ከሕዝብ የተውጣጣ ጁሪ በሚሆንበት ጊዜ፣ ጁሪው ምክንያቱን አይገልጽም። ስለዚህ ይግባኝ ባዩ የሚነቅፈው ዳኛው ለጁሪው የሰጠውን መመሪያ፣ የተቀበለውን ወይም የከለከለውን ማስረጃ ነው። በእኛ አገር ጁሪ የለም። ታዲያ ይግባኙ ምን ይያዝ?

በጥንቱ ልማዳችን ሙግት የአደባባይ ጉዳይ ነበር። በችሎቱ ዙሪያ የተቀመጡት ታዳሚዎች ከታናሹ ጀምረው እስከ ታላቁ ፍርዳቸውን በየተራ ይናገሩ ነበር። ታናሹ መቅደሙ የታላቁን ቃል ሰምቶ እንዳይሸማቀቅ ይመስለኛል። ምክንያቱ በጆሮ ይሰማ ነበር እንጂ በወረቀት አይሰፍርም ነበር።

የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ግራቨን ሲሆኑ፣ የ1954ቱን የሥነ ሥርዓት ሕግ መልክ ያስያዙት ግን ቀድሞ የማላያ ዋና ዳኛ የነበሩት ሰር ቻርልስ ማቲው ናቸው። እኒህ ሰው ከእንግሊዝ የሕግ ትምህርት ቢመጡም ሕጉ ጁሪን ይዞ አልመጣም። በምትኩ አንቀጽ 149 ዳኛው የማስረጃውን አጭር ይዘት፣ ማስረጃውን የተቀበለበትን ወይም የጣለበትን ምክንያትና የሕጉን አንቀጽ በፍርዱ ላይ እንዲጽፍ አዘዘ። የይግባኙ መያዣ እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ነው። ይግባኝ ባዩም ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ሐሳቡን እንዲያስታውቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን እንዲያቀርብ ተወሰነ። አሶሳ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሳለች፣ ከዋና ከተማው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በክረምት መንገድ ይህ ቀን ምን ያህል ያጥር እንደነበር አንባቢ ይገምተው። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እዚያው አሶሳ ተቀምጧል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የይግባኝን መብት አጽንቷል።

መሐንዲስ ነኝና ከሕጉ ይልቅ መሣሪያው ይስበኛል። አሜሪካዊው ሮበርት ቦርከንስታይን በ1946 ዓ.ም. ገደማ የሠራው የትንፋሽ መመርመሪያ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፤ በ2,100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ያለው አልኮል በ1 ሚሊ ሊትር ደም ካለው ጋር እኩል ነው የሚል። በዚህ ስሌት በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም ማለት በአንድ ሊትር ትንፋሽ 0.38 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ነገር ግን 2,100 አማካይ ቁጥር ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል፣ የሰውነት ሙቀትና አተነፋፈስም ያናውጡታል።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ዓ.ም. የተከራከረው በዚሁ ቁጥር ነበር። ክሱ በአልኮል መጠን ገደብ ብቻ ላይ ሳይሆን «በመጠጥ ተጽዕኖ ሥር ነዳ» በሚለው ላይ ሲመሠረት፣ ስለ ልዩነቱ የሚያስረዳ የባለሙያ ቃል ሊሰማ ይገባል አለ። ይሁን እንጂ የቀረው ማስረጃ ጠንካራ ነበርና ጥፋተኛነቱን አልሻረውም።

ወደ አሶሳ እንመለስ። ጠላ ወይም አረቄ ቀምሶ መሪ የጨበጠ ሾፌር ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢመረመርና 0.7 ግራም ቢገኝበት፣ ሰውነት በሰዓት 0.15 ግራም ገደማ ስለሚያስወግድ፣ ሲነዳ 1 ግራም ኖሮበት ይሆናል። የመጨረሻውን መለኪያ ጨልጦ ወዲያው ከተነሳ ግን አልኮሉ ገና ወደ ደሙ እየገባ ስለነበር፣ ሲነዳ የነበረው ከ0.7 ያነሰ ሊሆን ይችላል። ዳኛው ይህን የሚመዝነው የምርመራው ሰዓትና መሣሪያው መቼ እንደተስተካከለ በመዝገቡ ከሰፈረ ነው፤ ካልሰፈረ ግን የይግባኙ ዳኛ እጅ የሚገባው ባዶ ቁጥር ብቻ ነው።