ባትሪ ሲፈታ ለምን ከነጌቲቭ ይጀመራል?

የመኪናችሁን ባትሪ ቤታችሁ ልትቀይሩ ስትሉ «መጀመሪያ ነጌቲቩን ፍቱ» መባላችሁ አይቀርም። ይህ ሕግ ግን ለሁሉም መኪና አይሠራም።

የእርሳስና አሲድ ባትሪን ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው። ካዲላክ በ1912 በኤሌክትሪክ የሚነሳ መኪና እስኪያወጣ ድረስ ግን አብዛኛው ሞተር በእጅ እየተዘወረ ነበር የሚነሳው። ሽቦ ለመቆጠብ ሲባል የባትሪው አንድ ጫፍ ከመኪናው ብረት፣ ማለትም ከቦዲው ጋር ይታሰራል። የትኛው ጫፍ በሚለው ላይ ፋብሪካዎች አልተስማሙም። ፎርድ አሜሪካ ውስጥ እስከ 1955 ሞዴል ድረስ ፖዘቲቩን ነበር ከቦዲ የሚያስረው። ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች፣ የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ጭምር፣ እስከ 1960ዎቹ ድረስ እንደዚያው ነበሩ። በኋላ ነው ነጌቲቩን ከቦዲ ማሰር የተለመደው።

ስለዚህ ዋናው ሕግ ይኼ ነው፦ ከቦዲ የታሰረውን መጀመሪያ ፍቱ፤ ስትገጥሙ ደግሞ መጨረሻ እሰሩት። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁት፣ መፍቻው በአንድ በኩል ባትሪውን በሌላ በኩል ቦዲውን ሲነካ ሾርት ያደርጋል። በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይፈሳል፤ ብልጭታው ባትሪው ሲሞላ የሚወጣውን ሃይድሮጂን ሊያፈነዳ ይችላል።

አሮጌ መኪና ከገጠማችሁ፣ ምልክቱን ብቻ አትመኑ። ገመዱ የት እንደሚያልቅ በዓይናችሁ ተከተሉ።