ያልቀረበው ካቢኔ

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቡና ስንጠጣ የአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ልጅ፣ “ጋሼ፣ ለምክር ቤት ካቢኔ የማቅረብ መብት የማን ነው?” አለኝ። “ያሸነፈው ፓርቲ ነዋ!” ብዬ ልገላገለው አሰብኩ። ግን 1997 ዓ.ም. ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

ድሮ ጥያቄው ቀላል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፓርቲም ፓርላማም አልነበረም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ፓርላማ መጣ፤ ፓርቲ ግን አልመጣም። ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው መርጠው እንዲያቀርቡ የተፈቀደላቸው በ1958 ዓ.ም. ነው። እሱንም የሚያቀርቡት ለጃንሆይ እንጂ ለፓርላማ አልነበረም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነገሩን ገለበጠው። በአንቀጽ 56 መሠረት አስፈጻሚውን የሚያደራጀው አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ድርጅት ወይም ጥምረት ነው። በአንቀጽ 74 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩዎቹን ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያስጸድቃል። አዲስ አበባም በቻርተሯ ከንቲባዋን በምክር ቤቷ እንድትመርጥ ተደነገገ። ወረቀቱ ምን ይወጣለታል!

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እኛ የቦሌ ሰዎች ገና ሳይነጋ ተሰለፍን። ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ ዶክተር ብርሃኑ ነጋንም ለከንቲባነት መረጠ። የቀረው ገብቶ ካቢኔ ማቅረብ ነበር። ግን የአገር አቀፉ ውጤት አጨቃጨቀ፤ “እንግባ፣ አንግባ” ክርክሩ ጦፈ፤ ሳይገቡ ቀሩ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መሪዎቹም በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ታሰሩ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ፤ እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስም ከተማዋን ማንም ባልመረጠው ካቢኔ መራት። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” እንላለን። ሳይሾም ለተሻረ ግን ተረት የለንም።

ታሪክ ግን ማላገጥ ይወዳል። መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለፓርላማው ካቀረቧቸው 22 ሚኒስትሮች መካከል ዶክተር ብርሃኑ ይገኙበት ነበር፤ በትምህርት ሚኒስትርነት። ከአብንና ከኦነግም አንዳንድ ሰው ተካቷል። መልካም ነገር ነው፤ አልነቅፍም። ግን ልዩነቱን እንያዝ፤ ይሄኛው የአሸናፊው ግብዣ ነው። በ137 መቀመጫ የተገኘው ግን የመራጩ አደራ ነበር። ግብዣ ጋባዡ ሲፈልግ ይቀራል። አደራን ግን የከለከለም፣ ሳይረከብ የቀረም ይጠየቅበታል።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ “ጋሼ፣ እርስዎስ ያኔ ምን ይሉ ነበር?” አለኝ።

ያኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ። በመምህራን ክበብ ጠረጴዛ እየደበደብኩ “አትግቡ!” ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። እውነቱን ነገርኩት። ቡናዬ ቀዝቅዞ ነበር።